የውሃውን ጣሳ አስቀምጪው

ልጄ፣ በቅድሚያ በእጅሽ ያለውን የውሃ ጣሳ አስቀምጪው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከኮዬ ፈጬ ድረስ ቫዞዎችሽን በካርቶን ይዘሽ መጥተሽ የሆነውን ሁሉ ሳትደብቂ ነገርሽኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትምና ደግ አደረግሽ። በየማለዳው ታጠጫቸዋለሽ። ቅጠላቸው ሲልፈሰፈስ የጠማቸው መስሎሽ ጨመርሽ፤ መርገፍ ሲጀምሩ ደግሞ አብዝተሽ ጨመርሽ። ከፍቅር የመጣ ነውና አልወቅስሽም። ግን ማርም ሲበዛ ይመራል፤ ለእነዚህ ደግሞ የሚመራቸው ውሃ ነው።

ሳኩለንት የምትያቸው እነዚህ ተክሎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ውሃቸውን በቅጠላቸው፣ በግንዳቸው ወይም በሥራቸው ቋጥረው ያኖራሉ። ጽጌረዳ የምትመስለው ኤቼቬሪያ ዘሯ ከሜክሲኮ ተራሮች ነው። ቅጠሏ ወፍራም ሳንቲም የሚያክለው ጄድና ነጭ ዝንጉርጉር ያላት ሃዎርሺያ የደቡብ አፍሪካ ተወላጆች ናቸው። በየበዓሉ አበባዋ ደምቆ የምትሸጠው ካላንኮ ደግሞ ከማዳጋስካር የመጣች ናት። ሁሉም ያደጉት ዝናብ ጥሎ ለረጅም ጊዜ በሚጠፋበት፣ አፈሩ ከድንጋይ ፍርካሽ ብዙም በማይበልጥበት ስፍራ ነው። አባቶች «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይላሉ። ይህም ስደተኛ ተክል የጫንሽበትን ሁሉ ተሸክሞ ዝም ይላል፤ ዝምታውን ግን እንደ ደኅንነት አትቁጠሪው። ወደ አገሩ አይመለስምና አገሩን በቫዞው ውስጥ የምትሠሪለት አንቺ ነሽ። እኔ የምመክርሽ ነገር በሙሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚወጣ ነው።

አሁን የተከልሽበትን አፈር እንየው። ከሕንፃው ጀርባ ቆፍረሽ ያመጣሽው ጥቁር አፈር ነው፤ ዋልካ። እኛ አቃቂ ያረጀን ሰዎች ዋልካን ጠንቅቀን እናውቀዋለን። በክረምት ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ጫማ ከእግር ያወልቃል። በበጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ሲሰነጠቅም በመካከሉ ያለውን ቀጭን ሥር ይበጥሳል። ክፉ አፈር ነው ማለቴ አይደለም። የአቃቂና የበቾ ሜዳ ጤፍ የሚበቅለው በእሱ ነው። ነገር ግን ገበሬው እንኳ ሽምብራውንና ጓያውን በሐምሌ አይዘራም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የተኛው ውሃ ሲጠነፍፍ ጠብቆ ይዘራና አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ያበቅለዋል። የሽምብራ ሥር የማይችለውን ጭቃ የኤቼቬሪያ ሥር ይችለዋል ብለሽ አታስቢ።

ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ምክንያቱን የያዘ ሰው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል። ሥርም እንደ እኛ አየር ይፈልጋል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ወይ በአየር ወይ በውሃ የተሞላ ነው። የዋልካ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለሆነ የያዘውን ውሃ አይለቅም፤ አየሩ መግቢያ ያጣል፤ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ከዚያ በእርጥብ አፈር የሚኖሩ ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን በሞተው ሥር ይገቡና ብስባሹ ወደ ግንዱ ይወጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ቅጠሉ በውስጡ የቋጠረው ስላለው ከላይ ወዝ ይዞ ይሰነብታል፣ ከታች ግን ነገሩ አልቋል።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ ስለዚህ ከማጠጣትሽ በፊት ማየትን ተለማመጂ። የተጠማ ተክል ቅጠሉ ይሳሳል፣ ይጨማደዳል፣ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፤ ሲጫኑት ግን እንደ ቆዳ ይለጠጣል እንጂ አይፈርጥም። ውሃ የበዛበት ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል፣ በጣት ሲነኩት ይፈርጣል፣ ከታችኞቹ ጀምሮም በትንሽ ንክኪ ይረግፋል። ብዙ ሰው የሚታለልበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ሥሩ የበሰበሰ ተክል መጠጣት ስለማይችል እሱም እንደ ተጠማው ይጨማደዳል። ባለቤቱ ጨማዳውን አይቶ ውሃ ያፈስበታል፤ ያን ጊዜ የቀረው ሥርም ይሄዳል። አንቺም የደረሰብሽ ይኸው ነው።

ስለዚህ በቅጠሉ ብቻ አትፍረጂ። ከቫዞው አውጪውና ሥሩን እይው። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ሲነኩት ጠንከር የሚል ሥር ጤነኛ ነው። የጠቆረ፣ የላሸቀ፣ ሲስቡት ልጡ ተገፎ ክር ብቻ የሚቀር፣ የረጋ ውሃ የሚሸት ሥር የሞተ ነው። ከታች ያሉት አንድ ሁለት ቅጠሎች እንደ ወረቀት ደርቀው ሌላው ደህና ከሆነ ግን አትደንግጪ፤ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነው።

ብስባሹን ካየሽ ለነገ አትበዪ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» የተባለው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። የተጣበቀበትን ጭቃ በሙሉ አራግፊ። አዲስ ምላጭ ወይም ቢላ በአልኮል ጠርገሽ የሞተውን ሥር ቁረጪ። ብስባሹ ወደ ግንዱ ወጥቶ ከሆነ ግንዱንም ከታች ወደ ላይ በስሱ እየቀነስሽ ቁረጪ፤ የተቆረጠው ፊት ምንም ቡናማ ነጥብ ወይም ቀለበት ሳይኖርበት ንጹሕ ሆኖ እስኪታይ ድረስ አታቁሚ። እዚህ ላይ መራራት ተክሉን መግደል ነው። አንዲት ጥቁር ነጥብ ከቀረች ከሳምንት በኋላ ያው ብስባሽ ይመለሳል፤ ታጥቦ ጭቃ ይሆንብሻል። በየቁርጡም ምላጩን እንደገና በአልኮል ጥረጊ።

ከዚያ የተረፈውን ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ቦታ ጋዜጣ ላይ አስተኚው። ሥር የለውም፣ አፈር የለውም፣ ውሃ የለውም፤ ለዓይን ያሳዝናል። ተዪው። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት መያዝ አለበት፤ ለቀጭን ግንድ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይበቃል፣ ለወፍራም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በሆዱ የቋጠረው ውሃ ለዚህ ጊዜ የሚሆን ስንቁ ነው። እርጥብ ቁስሉን እርጥብ አፈር ውስጥ የሚሰካ ሰው ያችኑ የቸኮለችውን ይመስላል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቅርፊት ከያዘ በኋላ ኋላ በምነግርሽ ደረቅ የመትከያ ድብልቅ ላይ አቁሚውና አሁንም አታጠጪ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥቂት ውሃ ዙሪያውን አርከፍክፊለት። በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት በቀስታ ስትነቀንቂው እምቢ ካለሽ ሥር ይዟል፤ እንግዲህ እንደ ጤነኛ ማጠጣት ትችያለሽ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ግንዱ ሁሉ ጠቁሮ ጥቂት ጤነኛ ቅጠል ብቻ የቀረለትን ደግሞ በቅጠሉ እናድነዋለን። የኤቼቬሪያንና የጄድን ቅጠል ከግንዱ ጋር ከተጣበቀበት እግሩ ሳይቆረስ ወደ ጎን እያወዛወዝሽ አላቅቂው። ሁለት ሦስት ቀን አድርቀሽ በደረቅ መትከያ ላይ አስተኚው እንጂ አትቅበሪው። ከሳምንታት በኋላ ከእግሩ ቀጫጭን ሥሮች ይወጣሉ፣ ከዚያም ጥፍር የምታክል ተክል ትታያለች። የእናቲቱ ቅጠል ልጇን መግባ እስክትደርቅ አትንቀያት። እሬትን ግን በዚህ መንገድ አትሞክሪው፤ የእሬት ቅጠል ተተክሎ አይጸድቅም፣ ይበሰብሳል እንጂ። እሬት የሚባዛው ከሥሩ ዙሪያ በሚያወጣቸው ግልገሎች ነው።

ከቫዞዎችሽ መካከል አንዱ ደግሞ በእውነት ተጠምቷል፤ ሥሩ ደርቋል እንጂ አልበሰበሰም። አፈሩ ደርቆ ከመጠንከሩ የተነሳ ያጠጣሽው ውሃ በቫዞው ጠርዝ እየወረደ ሥሩ ጋ ሳይደርስ ይፈስሳል። እሱን ውሃ ባለው ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጪው፣ አውጥተሽ በደንብ አጠንፍፊው፣ ከዚያ ተይው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉ ይሞላል።

ወደ መትከያው እንምጣ፤ በዚህ ላይ አቃቂ የታደለ ሰፈር ነው። ሰዎች ከውጭ የመጣ በከረጢት የታሸገ የሳኩለንት አፈር በውድ ሲገዙ አያለሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት እንዲህ ነው። በየሰፈራችን ያሉት የብሎኬት ማምረቻዎች ብሎኬቱን የሚሠሩበት ፑሚስና ሬድ አሽ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውስጡ በትናንሽ ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ጥቂት እርጥበት ይይዛል፣ ትርፉን ይለቅቃል፣ አየር ያስገባል። ባህር ማዶ ያሉ የሳኩለንት አሳዳጊዎች ገንዘብ ከፍለው የሚፈልጉት ይህንኑ ዓይነት ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ ካልነካው ክምር አንድ ማዳበሪያ ያህል ጠይቀሽ ውሰጂ። ከሽምብራ እስከ ባቄላ ፍሬ የሚያክለውን ምረጪ፣ አቧራው እስኪለቅ እጠቢው፤ አቧራው ካልታጠበ ቀዳዳውን ይደፍነዋልና ልፋትሽ ከንቱ ይሆናል። ከዚህ ሁለት እጅ፣ በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት አንድ እጅ ቀላቅይ። ሬድ አሽ ካጣሽ ዜሮ ዜሮ ጠጠርም ይሠራል፣ ክብደቱ ብቻ ይበዛል። ደቃቅ አሸዋ ግን አትጠቀሚ፤ ከኮምፖስቱ ጋር ተጋግሮ ዋልካን ሊመስል ይደርሳል።

ቫዞው ከታች ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ፕላስቲክ ከሆነ ሚስማር አግለሽ ብሺው። የሸክላው ይሻላል፣ ግድግዳው እርጥበት ያሳልፋልና። በታች ጠጠር መደርደር ውሃ ያጠልላል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ተቋጥሮ ይቀራል፣ ወደ ሥሩም ይበልጥ ይጠጋል። ቀዳዳው ላይ አንድ ገል ጣል ማድረግ ይበቃል። ቫዞው ከሥሩ ብዙ አይስፋ። ከቫዞው በታች ያስቀመጥሽው ሳህን ላይ የተጠራቀመውንም ውሃ ሁልጊዜ ድፊው።

ማጠጣትን በተመለከተ «በሳምንት አንድ ጊዜ» የሚልሽን ሰው አትስሚ። ሳምንት ሁሉ አንድ አይደለም። ደረቅ ስንጥር እስከ ቫዞው ወገብ ሰክተሽ አውጪ፤ እርጥበት ወይም አፈር ይዞ ከወጣ ጠብቂ፣ ደርቆ ከወጣ አጠጪ። ስታጠጪም በጠብታ አታታልዪው፤ ከታች እስኪፈስ ድረስ አጠጪና እንደገና ፈጽሞ እስኪደርቅ ተይው። እነዚህ ተክሎች ከድርቅ በኋላ የሚመጣን ሙሉ ዝናብ ያውቃሉ እንጂ የዕለት ጠብታ አያውቁም።

ወራቱ ደግሞ እንዲህ ይታያል። ከዓመቱ ዝናባችን ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ሰኔ ሲጋመስ ቫዞዎቹን ከዝናቡ ወደ ጣሪያ ሥር አስገቢ፤ በእነዚያ ወራት አየሩ ራሱ እርጥብ ነውና ለሳምንታት ሳታጠጪ ብትቆዪ አይጎዳቸውም። መስከረም ሲጠባ ወደ ብርሃን አውጪያቸው። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ያለ ነገር አይደለም። በተለይ የአቃቂ ሜዳ ሰማዩ በጠራ የኅዳር ሌሊት ውርጭ ሊጥል ይችላል። በውሃ የተሞላ ቅጠል ሲበርደው ውስጡ ይፈነዳል። በዚህ ጊዜ ጠዋት አጠጪ እንጂ ማታ አታጠጪ፣ መሬት ላይ ያለውንም ወደ ግድግዳ አስጠጊው። የካቲትና መጋቢት ሲሞቅ ደግሞ ጥማቱ ይጨምራልና ስንጥሯን ቶሎ ቶሎ ስኪ።

ሌሊቱን ካነሳሁ አንድ የሚደንቅ ነገር ላጫውትሽ። አብዛኞቹ ተክሎች የቅጠላቸውን ቀዳዳ ቀን ከፍተው አየር ይወስዳሉ፤ ብዙ ሳኩለንቶች ግን ፀሐይ ውሃቸውን እንዳትጠጣባቸው ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ። ሌሊት የወሰዱትን አየር በአሲድ መልክ ያኖሩና ቀን በብርሃን ይሠሩበታል። ቤንጃሚን ሄይን የሚባል ሕንድ አገር ይኖር የነበረ የዕፅዋት ተመራማሪ የአንድ ካላንኮ ቅጠል ጠዋት ቢቀምሰው የሚኮመጥጥ፣ ከሰዓት በኋላ ኮምጣጣነቱ የሚጠፋ መሆኑን አስተውሎ ጻፈ፤ ጽሑፉ በ1815 እ.ኤ.አ. ታተመ። በምላሱ ብቻ እዚያ ደረሰ። መመልከት ማለት እንዲህ ነው።

ብርሃንን በተመለከተ፣ ያቺ አንዷ ተክልሽ አንገቷን አስረዝማ ወደ መስኮት የተጋደመችው ብርሃን ፍለጋ ነው። የተለጠጠ ግንድ ተመልሶ አያጥርም። ጫፏን ቆርጠሽ፣ አድርቀሽ፣ እንደገና ትከያት፤ የቀረው ጉቶም ከጎኑ አዲስ ያወጣል። ፀሐይ ግን በአንድ ቀን አትስጫት። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ ፀሐያችን ብርቱ ናት፤ ከቤት የወጣ ቅጠል በአንድ ቀትር ይቃጠላል፣ ቡናማ ጠባሳውም አይጠፋም። መጀመሪያ የማለዳውን ብቻ፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ እያረዘምሽ አለማምጃት። የኮንዶሚኒየም ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገርም አለ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ በቀሪው ጊዜ በደቡብ። በረንዳሽ ወደ ደቡብ ከሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ሞልቶ ይገባል፣ በግንቦት ግን ጥላ ይሆናል። ቫዞዎችሽ ከፀሐይዋ ጋር ይዙሩ።

በቅጠሉ ብብት ውስጥ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካየሽ ተባይ ነው። ጥጥ በአልኮል ነክረሽ አንድ በአንድ ጥረጊው፣ ቫዞውንም ከሌሎቹ ለይው፤ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። አትናቂው። የዚሁ ተባይ የሩቅ ዘመድ የሆነው ኮችኒል ለቀለም ተብሎ ትግራይ ገብቶ ከቁጥጥር ሲወጣ የደቡብ ትግራይን በለስ ምን እንዳደረገው የዚያ አገር ሰው ያውቃል። የፋብሪካ ማዳበሪያም አታብዢ፤ ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ፤ የጠገበ ሳኩለንት ለስልሶ ይወፍርና በራሱ ክብደት ይሰበራል።

ቁልቋልና ቅንጭብን ስትቆርጪ ደግሞ አደራሽን። ነጩ ወተታቸው ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ለብርሃን ያሰጋል። አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወት ይባላል፤ በቁልቋል ወተት ግን ሁለት ዓይን ያላትም አትጫወት። ጓንት አድርጊ፣ ልጆችን አርቂ፣ ዓይንሽን ከነካሽ በብዙ ውሃ ታጥበሽ ወደ ሐኪም ሂጂ።

ለመሆኑ ልጄ፣ ከቫዞዎችሽ ውስጥ አንድም የአገርሽ ተክል ያጣሁት ለምንድን ነው? ኢትዮጵያና ኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያ አላቸው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳ ላይ የሚያብበው፣ በሳይንስ ስሙ አሎ ደብራና የተባለው፣ ከአገራችን በቀር በዓለም የትም በራሱ አይበቅልም። አሎ አንኮበሬንሲስ ከአንኮበር ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። የዕፅዋት ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው እነዚህን ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል፤ ከባልደረባቸው ከኢንገር ኖርዳል ጋር ሆነውም ስለ ሁለቱ አገሮች እሬቶችና ሊሊዎች መጽሐፍ አሳትመዋል። እንዳሁላም አለልሽ፣ እሱም የካላንኮ ወገን፤ በየአጥሩ ሥር ማንም ሳያጠጣው ይኖራል። እናቶቻችን ጡት ለማስጣል የቀቡት፣ ቃጠሎ ላይ ያደረጉት እሬት ዛሬ ከሱቅ በጠርሙስ ይገዛል፤ ተክሉ ግን ከግቢ እየጠፋ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

ታዲያ ወደ ገደሉ ወጥተሽ ንቀይ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም አደራ፣ ከዱር አትንቀይ። አንዳንዶቹ የሚኖሩት በጠባብ ቦታ ብቻ ነው፤ ከአሎ ቬራ በቀር የእሬት ዝርያዎች ሁሉ ዓለም አቀፍ ንግዳቸው ሳይተስ በሚባለው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። የአገራችንን ዕፅዋት ለማየት ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሂጂ። ለመትከል ደግሞ ከጎረቤት ግቢ ግልገል ለምኚ፤ እሬት ያለው ሰው ግልገል አይነፍግም።

እኔም አልነፍግሽም። ከአጥሬ ሥር ካለው እሬት ሁለት ግልገል ከነሥራቸው ገንጥዬ ነገ እሰጥሻለሁ። አራት ቀን ጥላ ላይ ጋዜጣ ላይ አቆዪያቸው፤ እስከዚያ ሬድ አሹን አምጥተሽ አጥበሽ አድርቂው። የሸክላ ቫዞም ፈልጊ፣ ቀዳዳው ቢያንስ ትንሽ ጣትሽን የሚያስገባ ይሁን።